የጭንቀት ዕቅድ ክንውን

ከጭሮ የሚደውልልን ሰው ጃኬት ለብሷል። አይቼው አይደለም፤ ጭሮን ስለማውቃት ነው። አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተደላድላ የተቀመጠች፣ ማታ ማታ ጋቢ የምታስደርብ ከተማ ናት። ስልኩን የማነሳው እኔ ግን ያለሁት ቦርደዴ ነው፤ ከአዋሽ ተነስቶ በአሰቦትና በሚኤሶ አልፎ ወደ ጭሮ ከሚወጣው አስፋልት ዳር፣ ቆላው ላይ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የቢሯችን ቆርቆሮ በፀሐይ ብዛት ጧ ጧ ማለት ይጀምራል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ከብስኩት ካርቶን የቆረጥኩትን ማራገቢያ ይዣለሁ።

«ጋባሳው የታለ?» ይላል ባለ ጃኬቱ። ሪፖርቱን ማለቱ ነው።

«የትኛው?»

«የዛሬው ነዋ!»

«የዛሬውማ ቅጹ የተላከልን ዛሬ ረፋድ ላይ ነው።»

«ታዲያ ከረፋድ ጀምሮ ምን ስትሠሩ ነበር?»

የትናንቱን ጋባሳ ስንሠራ ነበር። እንዲህ ግን አይባልም። የሚባለው «እየጨረስን ነው» ነው።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ስሙ ስለ መጠራቱ ሌላ ጋባሳ ይወርድብናል። የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ፣ ይኸው ይበቃል። ሥራዬ ሌሎች የሠሩትን መቁጠር፣ ያልሠሩትን ደግሞ «በሂደት ላይ» ብሎ መጻፍ ነው።

ሰሞኑን የደረሰን መልእክት ግን ከወትሮው ለየት ይላል። በቴሌግራም ግሩፓችን የተለቀቀ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው፤ በስልክ ጋደም ተደርጎ የተነሳ፣ ግማሹን የአንሺው ጥላ ያጠላበት። ጉዳዩ፦ በሥራ ቦታ የሚከሰት ጭንቀት መንስኤና ውጤት ላይ ግንዛቤ ስለመፍጠር። ከአናቱ በቀይ «በጣም አስቸኳይ» የሚል ተመትቶበታል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ጭንቀት ተለይቶ፣ መንስኤው ተተንትኖ፣ በስንት በመቶ ለመቀነስ እንደታቀደ ጭምር እስከ ዛሬ 11፡30 ይላክ ይላል። በማይልኩት ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ ይወሰዳል። ከሥሩ የግሩፑ አስተዳዳሪ «ያያችሁ ሁሉ ማየታችሁን አሳውቁ» ብሎ አክሎበታል። አሳወቅን። አውራ ጣት በአውራ ጣት ላይ ተደረደረ።

ሒሳብ ሹሙ ደብዳቤውን ጨርሶ መነጽሩን አወለቀና «አቦ! እኔ ይህ እስኪመጣ ድረስ ደህና ነበርኩ» አለ።

የቆርቆሮው ድምፅ ስለማያነጋግር ስብሰባውን ግቢ ውስጥ፣ የኒም ዛፏ ሥር አደረግነው። አጀንዳ አንድ፦ መንስኤ። ኃላፊያችን «ሁሉም ሳይፈራ ያለበትን ጭንቀት ያቅርብ» አሉና ስንናገር የሚጽፉበትን ማስታወሻ ደብተር አወጡ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም ጭንቀት አልነበረበትም። ኋላ ስልካቸው ጮኸና ሊያናግሩ ወደ በሩ ሲሄዱ ነው የሁሉም አፍ የተከፈተው።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ቀደመች። «ባለጉዳይ ፋይል ስለጠየቀኝ አልጨነቅም፤ ሥራዬ ነው። የምጨነቀው ፋይሉ እሳቸው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እያወቅኩ ‹እየፈለግኩት ነው› ስል ነው። መደርደሪያውን እኮ በውሸት ነው የማገላብጠው። ለማስመሰል አቧራ እጠጣለሁ።»

ሒሳብ ሹሙ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ሰኔ።» ማብራሪያ የጠየቀው አልነበረም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ «ቆጥቡ» እየተባለ ይጠበቅና መጨረሻ ላይ «ለምን አልተጠቀማችሁም?» ተብሎ እንደገና ይጠየቅበታል። ሰኔን ሲጠራ ዓይኑ ሥር ያለችው ሥጋ ተንቀሳቀሰች።

የሾፌሩ መኪና ጎማ አጥታ ከቆመች ሰንብታለች፤ እሱ ግን የነዳጅ አጠቃቀም ቅጹን በየወሩ ይሞላል። ዜሮ ብሎ ሲልክ «አፈጻጸምህ ዝቅተኛ ነው» ተባለ። ጽዳት ሠራተኛዋ «ከደሞዝ ሌላ ምን ጭንቀት አለ?» ብላ ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ከተናገርነው ሁሉ አጭሩም ትክክለኛውም የእሷ ይመስለኛል፤ ግን ለቅጹ አይመችም፤ «ከአቅም በላይ የሆኑ ችግሮች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ተራው የእኔ ሲሆን ያነበብኩትን አወራኋቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ለንደን ውስጥ 18 ሺህ ገደማ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለብዙ ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ኋይትሆል ጥናት ይባላል። የዚያን ጊዜ ሰው የሚያስበው በልብ ሕመም ቶሎ የሚሞተው ትልቁ አለቃ ነው ብሎ ነው፤ ኃላፊነት አለበት፣ ስብሰባ አለበት፣ አገር ተሸክሟል። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ። ከሥር ያሉት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች በልብ ሕመም የሚሞቱት ከላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራውም፣ የደም ግፊቱም ተቆጥሮ ልዩነቱ አልጠፋም። ፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው ሁለተኛው ጥናት ምክንያቱን ፍለጋ ሲሄድ አንዱን እዚህ አገኘው፦ ከሥር ያለው ሰው በገዛ ሥራው ላይ ማዘዝ አይችልም። መቼ እንደሚጀምር፣ የትኛውን እንደሚያስቀድም፣ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስንለት ሌላ ነው። ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ1979 ያለው ከዚህ አይርቅም። ብዙ ሥራ ብቻውን ሰው አይሰብርም፤ ብዙ ሥራና ትንሽ ሥልጣን ሲገናኙ ነው የሚሰብሩት።

«በር ጠባቂዎች» ስል ሁላችንም ዞረን ጥበቃችንን አየን። አባታችን ጥላው ሥር ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መፋቂያቸውን ያኝካሉ። ከግቢው ሁሉ የተረጋጉት እሳቸው ናቸው።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ።

«በልብ ሕመም ሦስት እጥፍ ነዎት እየተባለ ነው፣ አባ።»

«ማነው ያለው?»

«እንግሊዞች።»

«ይሁንላቸው» አሉና መፋቂያቸውን ቀጠሉ።

ማርሞት ቦርደዴ መጥቶ አባን ቢያይ ጥናቱን እንደገና ይጀምር ነበር ብዬ አስቤ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የአባ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም አይጭንም፤ ጭሮ ያለ ሰው ቁጥራቸውን አያውቅም። ማታ ማታ ግን እንቅልፍ የሚነሳቸው የማሽላ ዋጋ ነው። ጭንቀታቸው ቅጽ አልወጣለትም እንጂ አለ።

እንግዲህ የእኛን ቀን በማርሞትና በካራሴክ ዓይን ብታዩት የሥራው ብዛት ኢምንት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት፣ ዓርብ 7፣ ሲደመር 39 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ ባለጉዳይ የሚያገኘን ጥቂቱን ነው። ቀሪው መጠበቅ ነው፤ ፊርማ መጠበቅ፣ ኔትወርክ መጠበቅ፣ «ቆይ እደውላለሁ» ያለውን መጠበቅ። የሚጠብቅ ሰው ሲታይ ያረፈ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እየሠራ ነው። ለዚህ ነው መብራት ሲጠፋ ግቢያችን የሚፈካው። ኮምፒውተሩ ዝም፣ ፕሪንተሩ ዝም፤ ትንሽ ሲቆይ የኔትወርኩም ምሰሶ ዝም ይላል። ጥፋቱ የማንም አይደለም። በዚያች ሰዓት ሒሳብ ሹሙ ሲስቅ ጥርሱ ነጭ መሆኑን አይቻለሁ። በሌላ ቀን የእሱ ማረፊያ ሶላት ነው፤ ዙሁር ሲደርስ ስልኩን አጥፍቶ ይነሳል፣ ከዚያ ስብሰባ የሚጠራው የበላይ አካል የለም። እኔ ደግሞ ሲብስብኝ «አሰቦት ገብቼ እመንናለሁ» እላለሁ። ተራራው ቅርብ ነው፤ ደብረ ወገግም ተቀባይ አያጣም። ባለቤቴ የምትለው ግን «መነኮሳቱ ምን በደሉ? እዚያም ገብተህ የስግደት ዕቅድ ክንውን ልታስሞላቸው ነው» ነው።

ከአጥራችን ማዶ በአስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን ላየ ደግሞ የእኛ ነገር ቀልድ ነው። ከጭሮና ከገለምሶ በኩል ጫት የጫነ አይሱዙ ቦርደዴን ሲያቋርጥ ዶሮው፣ ፍየሉ፣ ባጃጁ ሁሉ ዳር ይይዛል። አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃኢዳ» ያለው በከንቱ አይደለም። ሾፌሩ ግን አብዶ አይደለም። አለቃው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ነው። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ይህ ንጥረ ነገር እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን ካለፈው ለበርጫ የሚፈልገው አይገኝም። የነጋዴው ገንዘብ፣ የደላላው ገንዘብ፣ የሾፌሩ ጉርሻ ሸራ ሥር ሆኖ በየሰዓቱ እየጠወለገ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። አዋጁን ለካቲኖን ያነበበለት የለም።

አንዱን ሾፌር ጎማ ተንፍሶበት አጠገባችን ባለው ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ረዳቱ ጎማውን ይታገላል፤ እሱ ዓይኑ ቀልቶ ሻዩን እየጠጣ ስልኩን ይመለከታል። መንገዱ ያስጨንቅ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«መንገዱ ምን አደረገኝ? መንገዱን ለምጄዋለሁ» አለ። «ይሄ ነው እንጂ!» ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ከአንድ ቁጥር የተደወሉ ያልተነሱ ጥሪዎች ስክሪኑን ሞልተውታል። «‹የት ደረስክ? የት ደረስክ?› ሲነዳ ላግኘው ነው የሚለው ወይስ ገደል ውስጥ?»

ቁጥሩ የጭሮ ነው። ጃኬት የለበሰ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አልተጠራጠርኩም።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ስሌት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ 17 በመቶ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በረጅም የሥራ ሰዓት ምክንያት 745 ሺህ ሰው ሞቷል ብለዋል። ለሾፌሩ ልነግረው ስል ጎማው አለቀለትና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ቢሰማኝም ሰዓቱን የሚወስነው እሱ አልነበረም።

አጀንዳ ሁለት፦ ውጤት። እዚህ ላይ ክርክር አልነበረም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ጭንቀት የሚታየው ጨጓራው ላይ ነው። ሌላው ዓለም አእምሮው ሲታወክ፣ እኛ «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። ሳይንሱም አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር ነበር። ሐንስ ሰልዬ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 ካናዳ ውስጥ አይጦችን የተለያየ ነገር እየወጋ፣ በብርድ እያስቀመጠ፣ ያለ ልክ እያሯሯጠ ሲያይ መከራው ቢለያይም የሚደርስባቸው አንድ ሆነበት፤ ከነዚህም አንዱ የጨጓራ ቁስለት ነበር። ይህን ስነግራቸው የመዝገብ ቤቷ ልጅ አይጦቹ በየስንት ቀኑ ጋባሳ ይልኩ እንደነበር ጠየቀችኝ።

ሒሳብ ሹሙም ጨጓራውን ያቃጠሉት ኃላፊው ለመሆናቸው ጥርጥር አልነበረውም። ለዓመታት በእሳቸው ስም ወተት ጠጥቷል፤ በእሳቸው ስም በርበሬ ትቷል። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመረመር «ኤች ፓይሎሪ ነው» ተባለ። ባክቴሪያ! ባሪ ማርሻል የሚባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም አላምን ያሉትን ለማሳመን እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ተሕዋስ ራሱ ጠጥቶ ታመመና በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሒሳብ ሹሙ መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ ሲመለስ ፊቱ ላይ ያየሁት የዳነ ሰው ደስታ አልነበረም። «እንግዲህ ኃላፊው ነፃ ወጡ ማለት ነው?» አለኝ። ጭንቀት ሕመሙን እንደሚያባብስ ብነግረው ትንሽ ተጽናና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መንደድን (በርንአውትን) በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲጠቅሰው በሽታ አላለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሦስት ምልክት ሰጠው። አንደኛው አቅም ማለቅ ነው፤ አለን። ሁለተኛው ልብ ከሥራው መሸሽና በሥራው ላይ ማላገጥ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ማስረጃ አይፈልግም። ሦስተኛው የውጤታማነት ማነስ ነው። በዚህኛው ነፃ ነን፤ ጋባሳችን ላይ ከ98 በመቶ ወርደን አናውቅም።

ቤት ውስጥ ያለውን ውጤት ግን በቅጹ አልሞላሁም። ባለቤቴ ሽንኩርት ግዛ ስትለኝ «በሂደት ላይ ነው» ያልኩበት ቀን አለ። ልጄ ደብተር ስትጠይቀኝ «በጽሑፍ አቅርቢ» አልኳት፤ እሷም ታዛዥ ናት፣ ጽፋ አቀረበች። ጽፋ የሰጠችኝን ወረቀት ኪሴ ከትቼ ረሳሁት። እናቷ ሱሪዬን ስታጥብ አግኝታው «እዚህ ቤት ባለጉዳይ የለም፣ ልጅ ነው ያለህ» አለችኝ። ለዚያ መልስ የሚሆን ቅጽ አላገኘሁም።

መፍትሔ ላይ ስንደርስ ኃላፊያችን ተመልሰው መጥተው ነበርና ካይዘን እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። ካይዘንን እናውቀዋለን። ቢፒአርና ቢኤስሲ ከተባሉት የአሠራር ለውጦች ቀጥሎ ከጃፓን የመጣ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ መሳቢያችንን አስተካክለንለታል፤ ጥሩም ነገር ነበረው። ብቻ ጃፓኖች ካይዘንን ሲሰጡን ካሮሺን አብረው አልነገሩንም። ካሮሺ በሥራ ብዛት መሞት ነው። እዚያ ሰው ቢሮ ውስጥ እየወደቀ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2014 እሱን ለመከላከል ብቻ ሕግ አወጡለት። እኛ በሥራ ብዛት የሞተ የለንም። ሥራ እስኪመጣ ስንጠብቅ ላለቅነው ግን ሕግ አልወጣልንም።

እውነተኛው የጭንቀታችን መረጃ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሩ ላይ ሻይ የምታፈላልን አዴ የዱቤ ደብተር አላት፤ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረበት። በየስማችን ትይዩ ሻይ በአንድ ሰረዝ፣ ሆጃ በክብ ይመዘገባል። ገልብጬ አየሁት። ደህና በሆነው ሳምንት አንድ ሁለት ሰረዝ ነው፤ የወሩ ጋባሳ ሲቃረብ ሰረዙ ይጠጋጋል፤ የሰኔ ገጽ ላይ ሒሳብ ሹሙ ከመስመሩ አልፎ የሾፌሩን ቦታ ይዞበታል። እንዲህ ያለ ያልተቀባባ መረጃ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አይቼ አላውቅም። ለቅጹ ልጠቀምበት ብላት ደብተሩን ነጥቃኝ «መጀመሪያ ያለብህን ክፈል» አለች። እሷም የስኳር ዋጋ አለባት፤ እሷንም ነጋዴው «መቼ ነው የምትከፍዪው?» እያለ ይደውልላታል።

የቀረው በመቶው ነበር። በስንት በመቶ እንቀንስ? አሥር ካልን ዝቅተኛ ነው። መቶ ካልን ለከርሞ የሚቀነስ ይጠፋና «ዕቅድ የላችሁም» እንባላለን። 25 ላይ ተስማማን፤ 25 ሰው አያስቆጣም። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ኔትወርክ ጠፋና አስፋልቱ ዳር ድረስ ሮጬ፣ ስልኩን ወደ ሚኤሶ አቅጣጫ ከፍ አድርጌ ላክሁት።

ግንዛቤ ሊፈጥርልን የነበረው ስልጠና እስካሁን አልተሰጠም። የክንውን ጋባሳው ግን በሳምንቱ ተጠየቀ። ያው እንደተለመደው ሞላሁት፦ ዕቅድ 25፣ ክንውን 25.75፣ አፈጻጸም 103 በመቶ። ትንሽ ከፍ ማለቱ ምስጋና ያመጣል ብዬ ነበር። መልሱ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ጧ ጧ ሲል መጣ፦ «ከዕቅድ በላይ የተቀነሰው 0.75 ጭንቀት የየትኛው ሠራተኛ እንደሆነ በስም ዝርዝር ተለይቶ እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይላክ። በጣም አስቸኳይ።»

ለሒሳብ ሹሙ አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«የአባን ስም ጻፍ» አለኝ። «ቴሌግራም ስለሌላቸው አያዩትም።»